የራቢያ ስም

በዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ እናቴ ሞታለች ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። እያበላችኝ፣ ፀጉሬን እየጎነጎነችኝ፣ ከጎኔ እየተኛች። የሞተችው ጣይባ የምትባለው እናቴ ነበረች፤ በእሷ ገላ ገብታ የምታሳድገኝ ደግሞ ራቢያ የምትባል የማላውቃት ሴት። ለማንም ትንፍሽ ሳልል ከረምኩ። የተናገርኩ ዕለት ደግሞ ሰው የጠፋ ይመስል ለእማማ ዘምዘም ተናገርኩ።

እናቴ ኮምቦልቻ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ነበር የምትሠራው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ግቢው አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ያኔ ግን በሦስት ፈረቃ ይሠራ ነበር፤ ሳይረኑ ሲጮህ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ድረስ ይሰማል። ሌላው ሠራተኛ ከፋብሪካው አጥር ሥር ተከራይቶ ሲኖር እኛ ከወንዙ ማዶ ርቀን ነበር የምንኖረው። ለምን እንደራቅን ስጠይቃት፣ "እዚያ ጆሮ አያሳርፍም" ትለኛለች። ጎረቤት "የዊዳድ እናት" ይላታል። ጣይባ ብሎ የሚጠራት በዓመት አንዴ፣ ለዒድ፣ ከገጠር የሚመጣው ወንድሟ አጎቴ መሕሙድ ብቻ ነበር። አባቴ እኔ ሳልድህ ነው የሞተው።

ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው አይደማመጥም። መቶ ማሽን ባንድ ጣሪያ ሥር ሲንቋቋ አጠገብ ያለ ሰው ጮኾ ቢናገር እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሠራተኞቹ በከንፈር መነጋገር ይለምዳሉ። ድምፅ የለውም፤ ከንፈርን ሰፋ፣ ረገጥ አድርጎ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። እናቴ ይህን ልማድ ቤት ድረስ ይዛው ትመጣ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጠዋት ስትመለስ መስኮቱን በነጠላ ትጋርድና ትተኛለች። እኔ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ዓይኗ ጨርሶ አይከደንም፤ ነጩ ይታያል። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ያወራል፤ የሰው መልስ እንደሚያዳምጥ ቆም ይልና ደግሞ ይቀጥላል። ከንፈር ማንበብ የለመድኩት እንዲህ እያየኋት ነው። በእንቅልፏ አዘውትራ የምትለው አንድ ቃል ነበር፤ "አቤት"።

ያን ክረምት፣ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ድርና ማግ አስገባችኝ። ድርና ማግ ማኅበር ነው። የመሠረተው ጋሽ ደሳለው የሚባል፣ ከፋብሪካው በጡረታ የወጣ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው። ከየገጠሩ ተነቅለው ፋብሪካ የገቡ ሰዎች እንዴት እንደመጡ፣ ምን እንደሠሩ፣ ሲሠሩ ምን ይሉ እንደነበር ሳይጠፋ ይሰብሰብ፣ ለልጆቻቸውም ትምህርት ይሁን ብሎ የተነሳ ሰው ነው። በበጎ አድራጊዎች እገዛ አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ይዞ በክረምት የሠራተኛ ልጆችን ያስተምር ነበር። ንባብ፣ ሒሳብ፣ የተበጠሰ ክር መቋጠር፣ የወላጆቻችንን ታሪክ መጠየቅና መጻፍ።

ይህን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። ያኔ ያየሁት ሌላ ነበር። ከደጁ ብርሃን ወደ መጋዘኑ ስገባ፣ ግድግዳው ላይ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ራስ የላቸውም፣ እግር የላቸውም፣ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው። ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር መጋዘኑ ይንቀጠቀጥና እነሱም አብረው ይወዛወዛሉ። በጡረታ የወጡና የሞቱ ሠራተኞች ጋዋን ነበር፤ ደረቱ ላይ ስማቸው ተጠልፎበታል። ጋሽ ደሳለው ግን እሱ የሚያውቀውን ሌላው ሁሉ የሚያውቅ ስለሚመስለው፣ "እነዚህ ከእናንተ በፊት የነበሩት ናቸው፤ ሰላም በሏቸው" ብቻ አለን። ሃያ የምንሆን ልጆች ባንድ ድምፅ ሰላም አልናቸው። ከኋላ ያለችው ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያ ካርድ አደለን። በየካርዱ ላይ የእናታችን ወይም የአባታችን ስም ተጽፏል፤ ክረምቱን ሙሉ አንገታችን ላይ አጥልቀን የዚያን ሰው ታሪክ ልንማር ነው። እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ "ራቢያ ሰይድ፣ ከቦሩ ሜዳ" ብሎ አነበበና አጠለቀልኝ።

"ጋሽ ደሳለው፣ ይሄ እኮ የኔ አይደለም። የኔ እናት…"

እናቴ በሩ አጠገብ፣ ከሌሎች እናቶች መሀል ቆማ ነበር። ዓይኔ ዓይኗ ላይ ወደቀ። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ "ዝም በይ"። ፊቷን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። ደም የሚባል አልነበረበትም።

"ያንቺ እናት ምን?" አለኝ ጋሽ ደሳለው።

"ምንም" አልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ የወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ ጠየቅኳት። "እማ፣ ስምሽ ጣይባ አይደለም እንዴ?"

"ነው። ያኛው የሥራ ስም ነው።"

"የሥራ ስም ምንድን ነው?"

"ለሥራ ጋዋን አይደል የምለብሰው? እንደዚያ በይው።" ከዚያ ቆማ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። "ለማንም እንዳትናገሪ። ወላሂ በይ፣ ዊዳድ።"

"ወላሂ" አልኩ።

እሷ ልጅ እንዲገባው ብላ የተናገረችው ነው። እኔ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አሰብኩ። ጋዋኑ ተሰቅሏል፣ ስሙም ደረቱ ላይ አለ፤ ሰውየው ግን የለም። እናቴ የለበሰችው የማንን ነው? ወይስ እናቴን የለበሳት አለ?

መልሱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገኘሁ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እኛ ልጆች መጋዘኑ በረንዳ ላይ ክር እናጠነጥናለን። እናቴ ባንደኛው ጫፍ፣ እትዬ አረጋሽ በሌላኛው ጫፍ ተቀምጠዋል። እትዬ አረጋሽ ማሽኗ ከእናቴ ማሽን ጎን የሆነ፣ ከገቡ ጀምሮ አብረው የሠሩ ጓደኛዋ ናት። በመካከላቸው እኛ እንንጫጫለን፤ እነሱ በላያችን ላይ ያለ ድምፅ ያወራሉ። ራሴን ደፍቼ በዓይኔ ጠርዝ እከታተላቸው ነበር።

"ለደሳለው ንገሪው" አለች እትዬ አረጋሽ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከንፈሯ ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድ ሁሉንም አልያዝኩትም። "ራቢያን… ቀበርናት… እኔ ገባሁ…" ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ቀስ አድርጋ፣ አንድ በአንድ፣ "እዚህ ጣይባ ሞታለች" አለች።

እትዬ አረጋሽ ዛሬ ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም፤ ከንፈር ግን ከማንም በላይ ታነባለች። ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። እናቴ ያለችው "እዚህ ጣይባ ቦታ የላት" ነበር። "ሞ" እና "ቦ" በከንፈር ላይ አንድ ናቸው። አሮጌ ሠራተኛ በነገሩ አካሄድ ይለየዋል፤ ልጅ አይለየውም። "በዚያች ቃል ነው እናትሽን የቀበርሻት?" አለችኝ።

በዚያች ቃል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ያለችውን ሴት መጠበቅ ጀመርኩ። ጅን እግሩ ወደ ኋላ የዞረ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ስትሰግድ ከኋላዋ ሆኜ ተረከዟን አየሁ። እግሯ የሰው ነው። ይህ አላጽናናኝም፤ ገላው የእናቴ ነውና እግሩም የእናቴ መሆኑ አይቀርም። ከእጇ መጉረስ ተውኩ። ፀጉሬን ስትነካኝ እደነግጣለሁ። ታመመች ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ምንም አልተገኘብኝም።

አንድ ቀን፣ እንዲሁ ነጠላው ተጋርዶ ተኝታ ሳለች፣ ቁርኣን ቤት የተማርኩትን፣ ጅን ያባርራል የሚባለውን አየተል ኩርሲ ልቀራባት ቆረጥኩ። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ጀመርኩ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መሀል ላይ ስደርስ ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አቆመ። ዓይኗ ተከፈተ፤ እኔን ግን አያየኝም። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ፣ በሌላ ሰው ድምፅ እላለሁ፣ ወፍራምና ቶሎ ባለ፣ ለአለቃ በሚመለስ ድምፅ፣ "አቤት! አለሁ!" አለች።

ወደ ዝናቡ ወጣሁ። ጎረቤት ነው ያስገባኝ።

ነሐሴ ሲገባ ድርና ማግ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከየት ከየት ማን ማን እንደመጣ በአገር በአገሩ የተዘረዘረባት ናት፤ ለኮምቦልቻም ለደሴም፣ ለዙሪያው ትምህርት ቤቶችም ታደለች። ቀጥሎ ደሴ አንድ አዳራሽ ተገኝቶ ለሕዝብ የሚታይ ዝግጅት ተደረገ። ጋሽ ደሳለው ክር አቋጣጠር እንድታሳይ እናቴን ለመናት፤ በእጅ ፍጥነት እሷን የሚያህል አልነበረም። ሦስት ጊዜ እንቢ አለች። በአራተኛው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት እሺ አለች። እኔ እስከማውቀው ድረስ ደሴ ወጥታ አታውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ለጉዳዩ ደሴ ይወጣል፤ እሷ ግን ለልብስም ሆነ ለሕክምና ኮምቦልቻ ይበቃኛል ትል ነበር።

የሀረጎን ዳገት ስንወጣ ጉም ዋጠን። አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ይድሃል፤ መንገዱም ገደሉም አይታይም። ልጆቹ መጀመሪያ ዘፈኑ፣ ኋላ ዝም አሉ። እናቴ ሻሿን እስከ ዓይኗ አውርዳ ከመስኮቱ ውጭ ነጩን ታያለች። ከንፈሯን አነበብኩ። "ያ ረቢ፣ ማንም አይኑር። ያ ረቢ፣ ማንም አይኑር" ትላለች። እኔ ደግሞ ደሴ የሚጠብቃት ሰው አለ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሊወስዳት የመጣ። ፈራሁም፣ ተስፋም አደረግኩ።

አዳራሹ ውስጥ ጋዋኖቹ በገመድ ተሰቅለዋል። ጉሙ በተከፈተው በር እየገባ ከሥር ይሽከረከርባቸዋል። እናቴ በኋላ በር በኩል፣ ግቢው ውስጥ በተተከለ ዳስ ሥር ክር እየቋጠረች ታሳያለች። እኔ እንደ ሌሎቹ ልጆች ካርዴን አጥልቄ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ፤ ሰው ሲመጣ የወላጃችንን ታሪክ መናገር አለብን።

ረፋዱ ላይ አንዲት አጭር አሮጊት፣ እማማ ዘምዘም፣ ገቡ። ነጠላቸው በጉሙ ርሷል፤ በትር ይዘዋል። አብሯቸው ያለው ረጅም ሰው ልጃቸው ጣሀ ነበር፤ ቦሩ ሜዳ አስተማሪ ነው። መጽሐፏን በእጁ ጠቅልሎ ይዞ በቀጥታ ወደ ጋሽ ደሳለው ሄደ፤ "ይህን ስም ከየት አመጣችሁት?" ሲለው ሰማሁ። አሮጊቷ ግን አልተከተሉትም። እኔ ፊት ቆሙ።

"ይሄ ጽሕፈት ምን ይላል፣ ልጄ?"

"ራቢያ ሰይድ። ከቦሩ ሜዳ" ብዬ አነበብኩላቸው።

"የማን ስም ነው?"

"የእናቴ።"

ካርዱን በሁለት ጣታቸው ያዙት፤ የታመመ ሕፃን ግንባር የሚነኩ ይመስል። "አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "ራቢያ የኔ ልጅ ናት። ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። በዚህ በእጄ አጥቤ ነው የሸኘኋት።"

ሌላ ልጅ ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ እፎይ አልኩ። ያን ክረምት እውነቱን ያወቀ የመጀመሪያ ሰው አገኘሁ፤ እሳቸውም እናትዋ ናቸው፤ ከወለዷት ትታዘዝላቸዋለች።

"አውቃለሁ" አልኳቸው። "ከሞተች በኋላ ነው እኛ ቤት የመጣችው። እናቴ ውስጥ ነው ያለችው። ሥራ ትሄዳለች፣ ትተኛለች። እማማ፣ ልጅዎ ከሆነች ይውሰዷት። እናቴን ይመልሱልኝ።"

ይህን ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ። ልጅ የቀበረች እናት ፊት ቆሜ፣ ልጅሽ እዚህ ናት፣ ውሰጃት አልኳት። እማማ ዘምዘም አልተቆጡኝም፣ አልሳቁብኝም።  ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገሩኝ፣ ለዚያች ቅጽበት አምነውኝ ነበር።

"አሳዪኝ" አሉ።

እጃቸውን ይዤ በጋዋኖቹ መሀል አሳለፍኳቸው። ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ክር ጥርሷ ላይ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ሰማያዊ ጋዋኗ ብቻ ይታያል። እማማ ዘምዘም አምስት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ልጅ ከጓሮ እንደሚጠራ፣ ሳይጮኹ ጠሩ።

"ራቢያ።"

"አቤት" አለች እናቴ፣ ዞር እያለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየፈረቃው ስትጠራበት የኖረችበት ስም ነው፤ አፏ ቀደማት። ከዚያ ማን እንደጠራት አየች።

ክሩ ከእጇ ወደቀ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ያንለት ሆን ብላ አልነበረም፤ ድምፅዋ ጠፍቶባት ነው። እማማ ዘምዘም ወደኔ ዞሩ። "ምን ትላለች?"

እኔም እያነበብኩ በድምፅ መናገር ጀመርኩ። "እማማ ዘምዘም… ትላለች። ራቢያ አይደለሁም። ጣይባ ነኝ… የዓሊ ልጅ፣ የጎረቤትዎ… አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ወረቀቷን የወሰድኩት እኔ ነኝ… ለቅሶው ላይ ዕቃ ሳጥብ… ከሳጥኗ ነው የወሰድኩት…"

እየተናገርኩት ነው የገባኝ። ጣይባ ነኝ አለች። በራሷ አፍ፣ ያውም በኔ ድምፅ። ካርዱ አንገቴ ላይ እንዳለ ሮጬ ሄጄ እግሯን ጠመጠምኩት። ልጇ የዚያን ክረምት ለምን እንደሸሸቻት፣ ያን ቀን ደግሞ ለምን እንደተመለሰችላት እናቴ ያወቀችው በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴና ራቢያ ጎረቤትና እኩያ ነበሩ። ፋብሪካው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እንደሚቀጥር ሲሰማ አብረው ሊሄዱ ተማከሩ። የሚኒስትሪ ወረቀት ያላት ግን ራቢያ ነበረች፤ እናቴ ከአምስተኛ ነው ያቋረጠችው። ራቢያ ታማ በስምንት ቀኗ ሞተች። በለቅሶው ሳምንት እናቴን ለማታውቀው፣ ሁለት ሚስት ቀብሮ ሦስተኛ ለሚፈልግ ሰው ሊድሯት ቀን ተቆርጦ ነበር። የራቢያን ወረቀት ይዛ ኮምቦልቻ በእግሯ ወረደች።

ጣሀ ደርሶ ይህን ሰማ። "ፎቶዋስ?" አለ። ድምፁን አላነሳም። "ወረቀቱ ላይ የእህቴ ፎቶ ነበር። በሕይወቷ የተነሳችው እሱን ብቻ ነው። እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትፈልገው ኖረች።"

እናቴ አሁን ድምፅ አወጣች። "የኔን ለመለጠፍ ላጥኩት። ይይዙኛል ብዬ ፈርቼ… አቃጠልኩት።"

ጣሀ መጽሐፏን መሬት ላይ ጣላት። "ፋብሪካው ይሰማል" አለ። "በሞተ ሰው ሐቅ ላይ ተቀምጠሽ እንጀራ አትበይም።" ጋሽ ደሳለው እውነት ለልጆች ትተላለፍ ብሎ ያሳተማት መጽሐፍ ጭቃ ውስጥ ወድቃለች፤ እውነቱን ቢያስተካክል ደግሞ አንዲት እናት ከሥራ ትባረራለች።

እማማ ዘምዘም የጣሀን ክንድ ያዙ። "ቆይ" አሉ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና እናቴን አጠገባቸው ጠሯት።  የጠየቋት ማንም ያልጠበቀውን ነው።

"ስትጠሪ ቶሎ አቤት ትያለሽ?"

"መጀመሪያ አልልም ነበር። ጆሮዋ አይሰማም ብለው ይቆጡኝ ነበር። ኋላ ለመድኩ።"

"በቀን ስንት ጊዜ ይጠሯታል?"

"ስንገባም ስንወጣም። ክር ሲበጠስም። ብዙ ጊዜ ነው፣ እማማ።"

"እኛ ቤት ማንም አይጠራትም" አሉ። "አባቷ እንባ በዝቶበት ስሟን ከልክሎ ነው የሞተው። እኔ ፊቷ ሁሉ እየጠፋኝ ነው። ፎቶዋን ካቃጠልሽ እንግዲህ መልኳን ንገሪኝ። አንቺ በደህናዋ ጊዜ ታውቂያታለሽ፤ እኔ ሳስታውስ የምትመጣብኝ በበሽታው ያለችዋ ናት።"

እናቴ ነገረቻቸው። የግራ ቅንድቧ መሀሉ ላይ ፀጉር እንደሌለው፣ ፍየል በቀንዷ ወግታት። ስትሥቅ አፏን በመዳፏ ሳይሆን በእጇ ጀርባ እንደምትሸፍን። ስትሮጥ ክንዷ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ። "ሩ" የሚለውን ፊደል ገልብጣ ትጽፍ እንደነበር። ጋሽ ደሳለው በስተኋላ ቴፑን ከፍቶ ነበር፤ የሠራተኞችን ድምፅ የሚቀዳበትን። አንድ ሰዓት ያህል ነው። እማማ ዘምዘም አንዳንዴ፣ "አዎ፣ አዎ፣ እንደሱ ናት" ሲሉ ይሰማል። በጦርነቱ ዓመት መጋዘኑ ሲዘረፍ ጋዋኖቹ በሙሉ ጠፉ፤ ያ ካሴት እናቴ ዘንድ ስለነበር ተረፈ። አሁን የድርና ማግ የቅዳሜ አስተማሪ እኔ ነኝ። ለልጆቹ አሰማቸዋለሁ። አዳምጠው ሲጨርሱ ራቢያን እንዲስሉ እጠይቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ቅንድቧን አይረሱም።

ሲነሱ እማማ ዘምዘም፣ "ሥራሽን እስክትለቂ ተጠሪበት" አሏት። "ከዚያ ወዲያ ወደኔ ይመለስ።" ለፋብሪካው ማንም አልተናገረም። ጣሀ የእናቱን ቃል አልሻረም፤ ለእናቴ ግን ሰላምታም አልሰጣት። እማማ ዘምዘም እስኪሞቱ ድረስ በወር በወሩ ቅዳሜ ኮምቦልቻ እየወረዱ ድርና ማግ በር ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ጋሽ ደሳለው የስም ዝርዝሩን ሲጠራ ለመስማት ብቻ።

ፋብሪካው ሲዘጋ መጽሐፏ እንደገና ታተመች። "ጣይባ ዓሊ፤ በራቢያ ሰይድ ስም የሠራች" ተብሎ ተጻፈ። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ወደ ጋሽ ደሳለው መጥተው በሩን ዘጉና፣ "የኔም ስም የኔ አይደለም" አሉት። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች መጡ። በዓመቱ አሥራ አንድ ደረሱ። የሞተ ወንድም፣ በልጅነቷ የተዳረች እህት፣ ዓረብ አገር ሄዳ የቀረች ጓደኛ ስም። ያን ያህል ዓመት በሽመናው ክፍል ውስጥ አቤት ሲሉ የኖሩት እነማን እንደነበሩ ጋሽ ደሳለው መቁጠር አቃተው። ያኔ ግድግዳው ላይ ያየኋቸው ሰዎች ያን ያህልም ስሕተት አልነበሩም ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ።

እናቴ ያለፈው ዓመት፣ በረመዷን ማግሥት፣ አኼራ ሄደች። ለሶላት ጀናዛው ከደጃችን ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ወጣ። እኛ ሴቶች ከአጥሩ ወዲህ ነን። ሸኹ ሰግደው እንደጨረሱ፣ እንደ ደንቡ፣ ያልተመለሰ የሰው ዕዳ ይዛ እንዳትሄድ፣ "በዚች ሟች ላይ ሐቅ አለኝ የሚል አለ?" ብለው ጠየቁ።

ሁልጊዜ ዝምታ ነው የሚከተለው። ያን ቀን ግን ከኋላው ረድፍ አንድ ሰው፣ "እኔ አለኝ" አለ።

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ጣሀ ነበር፤ ፀጉሩ ሁሉ ሸብቷል። ከቦሩ ሜዳ መቼ እንደወረደ፣ ማን እንደነገረው አላውቅም። ሕዝቡ ገለል ገለል አለለት። አጎቴ መሕሙድ ወደፊት ሊራመድ ሲል ሸኹ በእጃቸው ያዙት።

"ምን ሐቅ አለህ?" አሉት።

"የእህቴን ስም ወስዳለች" አለ ጣሀ። ወደ ቃሬዛው ተጠጋ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ለሸኹ ሳይሆን ለእሷ፣ ከአጥሩ ወዲህ እንኳ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

"ወስደሽ አይደለም የምትሄጂው። ሰጥቼሻለሁ።"

ከዚያ የቃሬዛውን የፊት እግር ወደ ትከሻው አነሳ።